ፊቷ ወደ ሞያሌ

ባለፈው ሳምንት አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሟቹ ጋሽ ጴጥሮስ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሥር ተጋድመው የኖሩ መካኒክ ናቸው። አርጅተው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፤ ስለዚህ ለቅሶው ከባድ አልነበረም። ንፍሮ ይዞራል፣ ሻይ ይዞራል፣ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ መሬት ዋጋ ያወራሉ። በዚህ መሐል ከውጪ አንድ ሰው መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፍ አዞረ። «ቀጭ» አለ። ሌላ ድምፅ የለም። እንደገና አዞረ፤ «ቀጭ»። ቀጥሎ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሞተሩ ተነሳና መኪናው ቁልቁል ወረደ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ሞተሪኖው ነው፤ ማስነሻው» አለኝ። በዚህ አገር መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። እኔ ግን የንፍሮውን ሳህን ይዤ ቀረሁ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ ቆየ፤ የዘመኔ ሰው እንደመሆኔም የተኩስ ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ መተኛት ለምጄ ነው ያደግኩት። ያን «ቀጭ» ግን ዛሬም ድረስ አልለመድኩትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «ቀጭ» ብሎ መቅረቱ አይደለም። መኪናው ሲነሳ ነው።

ስለ ደርግ ዘመን የሚጻፉ ትዝታዎችን ብዙ አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹን አላምናቸውም። በውስጣቸው ያለው ሰው ሁሉ ወይ ወረቀት ሲበትን፣ ወይ ከግድግዳ ላይ ሲዘል፣ ወይ በፍቅር ሲቃጠል ነው የሚገኘው። የኔ ወጣትነት የተቃጠለው በአንድ አሮጌ መኪና ዙሪያ ነው። ይህ ለታሪክ የሚበቃ ነገር አይመስልም። እኔም ለታሪክ አይደለም የምጽፈው።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ጠመኔ የሚቆጠብ ሰው። የመኪና ባለቤት የሆነው በሀብት አይደለም። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ፈረንጆቹ አገር ሲለቁ፣ አንድ ሽማግሌ ሚስዮናዊ ቁልፉን በእጁ ላይ አስቀምጠው «አንተ ጋ ትቆይ» ብለውት ሄዱ። እሷም ቆየች። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ቀለሟ ሰማያዊ ነበር ይባላል፤ እኔ ሳውቃት የዝናብ ደመና መስላለች። በዚያን ጊዜ በአዋሳ የግል መኪና ያለው መምህር እንደ ልብ አይገኝም፤ ከፈረንጅ የወረሰው ደግሞ ጭራሽ የለም። ጎረቤቶቻችን ሲያልፉ በአክብሮት ያዩዋት ነበር። አክብሮትና ጥርጣሬ በዚያ ዘመን መልካቸው አንድ ዓይነት ስለነበር የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

መኪናዋ ጤነኛ ነበረች፤ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። አመሏ መነሳት ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ቁልፍ ሲያዞሩባት ወዲያው ትነሳለች። አንዳንድ ቀን «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች። አንዳንዴ በጠዋት፣ አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዳንዴ ከዝናብ በኋላ። የሞተ ነገር ቢሆን ይታወቃል፣ ይቀየራል ወይም ይቀበራል። አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ነገር ግን ሰውን ፈላስፋ ያደርገዋል፤ እኔ ፈላስፋ ስላልሆንኩ በጣም ያናድደኝ ነበር።

ሁሉም የየራሱ አስተያየት ነበረው። ባትሪው ነው ተባለ፤ መብራቷ ግን «ቀጭ» በምትልበት ሰዓት እንኳ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። ሙቀት ነው ተባለ፤ ብርድ ላይም እምቢ አለች። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ነው ተባለ፤ በጋው ሲገባም አልተሻላትም። ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸው፣ ከሁሉ በላይ የምናምናቸው፣ ሞተሪኖውን አውርደው ፈተው፣ ጠርገው፣ ካርቦኑን ቀይረው መልሰው አሰሩትና «አሁን እምቢ ካለችህ በኔ ይሁን» አሉት አባቴን። በማግስቱ «ቀጭ» አለች። ቀጥሎ ያመጡት መላ በመዶሻ እጀታ ሞተሪኖውን መታ መታ ማድረግ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህም በሽታው እዚያው ነው ብለን አመንን። የተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ውጤት ሲሰጥህ ከስህተቱ የሚያወጣህ ምንም ኃይል የለም።

እስከዚያው የኖርነው የከተማው ሰው እየገፋልን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይዞኝ ይወርዳል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ጠበቃ ጎብጠው የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ፣ እኛ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንገዛለን፤ እዚያው በዘይት የጠበሱትን ደግሞ በሚጥሚጣ በልተን እጃችንን በሐይቁ እንታጠባለን። ከዚያ ቁልፍ ይዞራል፣ «ቀጭ» ይላል፣ አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወንድሞች» ይላል። ዓሣ የሚሸጠውም የሚገዛውም ይመጣል። እጃቸው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይገፏታል፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፣ ተነሳች። ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። ከከተማው ወንድ ገሚሱ ያቺን መኪና ገፍቷታል ብል ማጋነን አይደለም።

አባቴ ግን ሰው ማስቸገር አይወድም። በመጨረሻ የሒሳብ ሰው መፍትሔ አገኘ። ቤታችን ያለው ወደ ሐይቁ በኩል በሜዳ ላይ ነው፤ አዋሳ ደግሞ ጠፍጣፋ ከተማ ናት፤ ቁልቁለት የሚገኘው ታቦር ብቻ ነው። አክስቴ ታቦር ተዳፋቱ ላይ ነበር የምትኖረው። አባቴ መኪናዋን በአክስቴ አጥር ሥር፣ ፊቷን ቁልቁል አድርጎ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ማቆም ጀመረ። ጠዋት በእግሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ያነሳል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፣ ትንከባለላለች፣ ትነሳለች። መኪናዋ ጋ ለመድረስ ትምህርት ቤቱ ከሚርቀው የበለጠ ይራመድ ነበር። እናቴ ስትስቅበት «በእግር የሚሄድ ባለ መኪና ካንተ በቀር አላየሁም» ትለው ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲስቅ አላስታውስም።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰዎች ከከተማው ተሰውረው በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ የሚባል ወሬ ነበር። ከቀበሌያችን ጥሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ የአባቴ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው፤ አባቴን «እርስዎ» ነበር የሚለው። እኔ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሜ ስሰማ አንድም ጊዜ አልሳተም። በዚያ ዘመን ሰውን በአክብሮት ማጥፋት የተለመደ ነበር።

«ጓድ መምህር፣ መኪናዎ ለምን ቤትዎ አታድርም?» አለ።

አባቴ አስረዳ። ሞተሪኖው እንደሚያስቸግር፣ ቁልቁለት እንደሚያስፈልገው፣ አክስቴ እዚያ እንደምትኖር።

«ፊቷ ግን ሁልጊዜ ወደ አስፋልቱ ነው። አስፋልቱ ደግሞ ወደ ሞያሌ ነው።»

«ቁልቁለቱ ወደዚያ ስለሆነ ነው፤ ዳገት ላይ መኪና አይንከባለልም።»

አብሮት ከተቀመጠው የቀበሌው ኮሚቴ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ይህንን የሚመሰክር ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ዞር ብሎ ኮሚቴውን አየ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሱቅ ያለው ወፍራም ሰውዬ፣ አሞራ ገደል ጭቃ ላይ መኪናችንን ሲገፋ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተበላሽቶ እናቴ ቤት አስገብታ ውኃ የሰጠችው ነው። ሰውየው ጥፍሩን ያይ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት የገፏትን ሰዎች አንድ በአንድ ዞርናቸው። አንዱም አላስታወሰም። አልፈርድባቸውም፤ በኬንያ መንገድ የተጠረጠረ መኪና ገፍቻለሁ ብሎ መመስከር ማለት ምን እንደሆነ ማንም ያውቀው ነበር። የማስታወስ ችሎታ በዚያ ዘመን ከጤና ጋር አብሮ አይሄድም ነበር።

ሊቀመንበሩ በመጨረሻ የወሰነው ነገር ለራሱ ፍትሐዊ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ቀበሌው ግቢ ትመጣለች፤ ኮሚቴው ፊት ቁልፍ ይዞርባታል። እንደተባለው ካልተነሳች መምህሩ እውነቱን ነው፤ ቤቱ ይገባል። ከተነሳች ግን ለምን ፊቷን አዙሮ በቁልቁለት ላይ እንደሚያቆማት ሌላ ቦታ ሄዶ ያስረዳል። «ሌላ ቦታ» ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። ዓመት ሙሉ መኪናዋ እንድትነሳ ስንጸልይ የኖርን ሰዎች፣ አሁን እንዳትነሳ መጸለይ ነበረብን። አንዴ የምትነሳ አንዴ የማትነሳ መኪና ደግሞ ለእግዚአብሔርም ለቀበሌም እንዲህ ናት ብለህ የምትምልባት አይደለችም። ስለዚህ በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባችን መፈለግ ጀመርን፤ ልናድነው ሳይሆን በቀጠሮው ቀን እንዲያማት።

አባቴ መኪናዋን ከታቦር አውርዶ አጥራችን ውጪ ሜዳ ላይ አቆማት። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ ዋርካው ላይ ጉሬዛዎቹ ሲዘሉ፣ እኛ ኮፈኑን ከፍተን እንጎነበሳለን። ዘዴው የመምህር ዘዴ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፣ እኔ ቁልፍ አዞራለሁ። ሞተሪኖውን ሳይመታ ሌላ ቦታ መታ፤ ተነሳች። ሞተሩን ራሱን በእጁ ወደ ፊት ገፋ አደረገው፤ ተነሳች። ለቀቀው፤ «ቀጭ»። እንደገና ገፋው፤ ተነሳች። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ የክፍል ውስጥ ደስታ ነበር።

ነገሩ ሞተሪኖው አልነበረም። መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የተሸረበ የመዳብ ገመድ ነው። ከታች፣ ጭቃ በሚረጨው በኩል፣ ብሎኑ ሥር ዝገት በልቶት ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውታል። ሞተሩ ሲጠፋ ተንቀጥቅጦ እንደ አጋጣሚው ነው የሚቀመጠው፤ ክሮቹ ከተነካኩ ትነሳለች፣ ካልተነካኩ ትተኛለች። በመዶሻ ስንመታው የነበረው ጤነኛውን ነበር፤ ንዝረቱ ነው ክሮቹን የሚያነካካቸው። በሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ አትነሳም። ሞተሩ ወደ ፊት ሲያጋድል ግን ሁልጊዜ ትነሳለች።

ትንሽ ቆይቶ የዚህ ትርጉም ገባኝ። ታቦር ቁልቁለት ላይ፣ ፊቷን ዘቅዝቃ ስትቆም፣ በቁልፍ ትነሳ ነበር ማለት ነው። አባቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚያ ቁልፍ አዙሮ አያውቅም፤ ፍሬን ነው የሚለቀው። በከተማው ውስጥ ጥንቃቄ የማያስፈልግበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱ ጥንቃቄውን ያደረገው እዚያው ላይ ነው፤ ለጥርጣሬ ያጋለጠውም እሱ ነው።

«አባባ፣ ገመዱን ጨርሰን ብንፈታውስ?» አልኩት። «ያኔ በፍጹም አትነሳም።»

«ከፈታነው እኛ ነን የሠራነው» አለ። «እንዳለች ነው የማሳያት። እንዳለች ደግሞ አትነሳም።»

ኮሚቴው ውስጥ ሹፌር እንዳለ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የተፈታ ገመድ ቢያይ እንደሚብስም ጨመረልኝ። ትክክል ነበር። ሰውየው በሕይወቱ በሙሉ ትክክል ነበር፤ ከዚህ የተነሳ ያገኘው ጥቅም አላውቅም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጋሽ ጴጥሮስን መንገድ ላይ አገኛቸው። ሁለቱ ከጸሎት ቤታችን ጊዜ ጀምሮ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከታሸገ በኋላም በየቤቱ ተሸሽገን ስንሰበሰብ አብረው ነበሩ። አባቴ ለሁሉም ነገር የሚያማክራቸው ሰው ናቸው። በዚያን ሳምንት ግን ሆን ብሎ ሸሽቷቸዋል። ከተጠረጠረ ሰው ጋር ቆሞ የሚያወራ ሰው ራሱ ይጠረጠራል። ስለዚህ እጃቸውን ሳይጨብጥ፣ ሳይቆም፣ «ነገ ጠዋት ቀበሌ መኪናዋን ሊያዩዋት ነው» ብቻ ብሏቸው አለፈ። ሊያሳስባቸውም አልፈለገም፣ ሳይነግራቸው ሊቀርም አልሆነለትም። የዚያ ዘመን ሰው ለሚወደው ሰው ግማሹን ይናገርና ግማሹን ይውጥ ነበር። መውደድ ማለት እሱ ነበር።

ጋሽ ጴጥሮስ ግማሹን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ሌላውን ግማሽ የሞሉት ከሚያውቁት ነው። ቀበሌ መኪና የሚያይበት ምክንያት በዚያን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ለዘመቻ ሥራ ሊወስዷት ነው፤ አልነሳ ካለች ደግሞ ባለቤቱ ሆን ብሎ አበላሽቷታል ይባላል፤ አሻጥር ነው። በአሻጥር የሄዱ ሰዎችን ያውቃሉ። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው፣ ሞተሪኖው እንኳን እሳቸው ራሳቸው አዲስ አድርገውት የለ፣ ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብለው ሲያስቡ፣ የማሳው ገመድ ትዝ አላቸው።

ጎህ ሲቀድ እናቴ ከውጪ የኮፈን ድምፅ ሰማች። አባቴ መስሏት ከጓዳ አልወጣችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን መኪናዋን መግፋት ጀመርን። አባቴ በመስኮት መሪውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ። አንድ ጊዜ ቁልፍ አዙረን እንሞክራት ስለው «የፈተና ጥያቄ አስቀድሞ አይከፈትም» አለኝ። ቀልዱ ነበር። ቀበሌው ሩቅ አይደለም፤ ግን የግንቦት ዝናብ መንገዱን አላቁጦት ጎማዋ እየሰመጠ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። በየበሩ ሰው ቆሟል። እነዚያ ሁሉ የሚገፉ እጆች በየኪሳቸው ነበሩ። ልጆች እንኳን አልቀረቡም፤ የሚጠሯቸው እናቶች ድምፅ ከየጓሮው ይሰማ ነበር።

ግቢው ሜዳ ነው፤ እንደፈለግነው። ኮሚቴው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ያስነሱልን ጓድ መምህር» አለ። አባቴ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ቁልፉን አዞረ።

«ቀጭ» እንኳን አላለችም። በግማሽ ዙር ተነሳች፤ እንደ አዲስ።

አባቴ አጠፋት። እንደገና አዞረ፤ ተነሳች። አጠፋት። ወርዶ ቦታ ላስለውጣት ብሎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት፤ ከዛፉ ሥር ወስደን አቆምናት። ተነሳች። የመሬቱ ጥፋት ይመስል ወደ አጥሩ ገፋናት። ተነሳች። ኮሚቴው መሳቅ ጀመረ፤ ባለሱቁ ግን አሁንም ጥፍሩን ያይ ነበር። አባቴ ቁልፉን ይዞ ወረደ። ከዚያ ሹፌሩ ተነስቶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ጎንበስ አለ፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ አዲስ ገመድ አለ» አለ።

እኛም ቀረብን። ብሎኑ ተጠርጎ ያበራል፤ ገመዱ የሚያብረቀርቅ መዳብ ነው፤ ጫፉ ላይ ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጥቁር ጥብጣብ ተጠቅልሏል፤ ጥብጣቡ ሁለት ጊዜ ዞሮ በመስቀለኛ ታስሯል። በአዋሳ እንዲህ አድርጎ የሚያስር አንድ ሰው ነበር።

«መንገዱን አዘጋጅተውታል እንጂ» አለ ሊቀመንበሩ። «ማን ነው የሠራልዎት?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ለአፍታ እኔ የሠራሁት መስሎት እንደነበር ዓይኑ ነገረኝ። ከዚያ ተመልሶ ጥብጣቡን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ሁሉም ነገር በዚያ ጊዜ ገባው፤ እኔም አባቴን ሳየው ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ራሴ ነኝ የቀየርኩት።»

ቁልፉን ተቀበሉት። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ሊቀመንበሩ በሩን ይዞለት «ይቅደሙ» አለው።

ክረምቱን እዚያው ከረመ፤ በጋውንም ደገመ። ከቀበሌ ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ተዛወረ። እናቴ ቆጮና አይብ ቋጥራ ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሷታል፤ ያም የራሱ «ቀጭ» ነበረው። መኪናዋ ለዘመቻ ሥራ ተብላ ቀበሌው ቀረች። ሊቀመንበሩ በየጠዋቱ ያስነሳታል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። በአንድ ቁልፍ ነበር የምትነሳው፤ አንድ ቀን እንኳን እምቢ ትላለች ብዬ ጆሮዬን ስደቅን አድሬያለሁ።

የጸሎት ወገኖቻችን ግን አባቴ ለምን እንደታሰረ አልተጠራጠሩም። በእምነቱ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በየቤቱ በሹክሹክታ ስሙ እየተጠራ ተጸለየለት። ጋሽ ጴጥሮስ እያለቀሱ ይጸልዩ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ጥቁር ዘይት የጠጣውን ጣታቸውን አይ ነበር። አባቴ ያልተናገረውን እኔ የምናገርበት ምክንያት አልነበረም።

ሲፈታ አንድ ሰው «ሂድ» ብሎት ነው የመጣው፤ እንዳልነበረ ሰው። ጸጉሩ ነጥቶ፣ ጥርሶቹ ጎድለው፣ ቀኝ እጁ ጠመኔ መያዝ አቅቶት። ጋሽ ጴጥሮስ በማግስቱ ግንድ የሚያህል የሙዝ ዘለላ ተሸክመው መጡ። ብዙ ተላቀሱ። ሻይ ከቀረበ በኋላ ጋሽ ጴጥሮስ በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ልጅ እየተሽኮረመሙ፣ ያኔ ቅዳሜ ማለዳ ገመዱን የቀየሩት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩት። አሻጥር እንዳይሉበት ፈርተው። በሌላው በሌላው ቢይዙት እንኳን በመኪናው እንዳይይዙት።

«ተነሳች አይደል ያን ቀን?» አሉት።

አባቴ ሻዩን አስቀመጠ።

«በመጀመሪያ ቁልፍ» አለ። «ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን እምቢ ስትል አልተሰማም።»

የጋሽ ጴጥሮስ ፊት እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል። «በነሱ እጅ ብትሆንም ሥራው ሥራ ነው» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ተናደድኩ። እኔ ያን ጊዜ እውነት መነገር አለበት የሚል ወጣት ነበርኩ። አባቴ ሙዙን እየላጠ ሰማኝ፤ በግራ እጁ ስለነበር ቀስ ብሎ። «እኔ ታስሬ ወጣሁ፤ አለቀ» አለ። «እሱን ደግሞ በዚህ ላስረው?»

ከዚያ በኋላ በጉባኤ መካከል ስለ መከራው እንዲመሰክር ሲጠይቁት እምቢ ይል ነበር። ትሕትና ነው አሉ። በማይገባው ክብር ሲከበር መኖር ለሱ ሁለተኛ እስራት ነበር፤ ከመጀመሪያው የተለየው ማብቂያ ስላልነበረው ብቻ ነው። ጸሎት ቤቱ ተከፍቶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ሊቀመንበሩ የት እንደገባ ጠፍቶ፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ገመድ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። የጋሽ ጴጥሮስ ልጅ ዳዊት ተነስቶ ስለ አባቱ ተናገረ። ስለ ሥራ ወዳድነቱ፣ ስለ ቀልዱ ካወራ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አመጣ። አባታችን በዚያ ክፉ ዘመን፣ በእምነቱ የሚሳደድ ወንድም መኪናው እንዳያሳጣው፣ ቢያዝ እንደሚታሰር እያወቀ ጎህ ሲቀድ ሄዶ በድብቅ ጠግኖለታል አለ። ከቃሉ አንዱም ውሸት አልነበረም። ጋሽ ጴጥሮስ አደጋውን በእርግጥ ያውቁ ነበር፤ በእርግጥ ሄደዋል፤ ከከተማው ሁሉ እጁን ከኪሱ ያወጣ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለዚያ ዘመን የተጻፉት መጻሕፍት ክፉ ሰዎች ደጋግ ሰዎችን እንዴት እንዳጠፉ በደንብ ያስረዳሉ። ደግ ሰው ደግ ሰውን እንዴት እንዳጠፋ፣ በፍቅር፣ በንጹሕ ሥራ፣ በአዲስ የመዳብ ገመድ፣ የሚያስረዳ ምዕራፍ ግን አላገኘሁም። ፍርሃት የሠራው ትልቁ ጥፋት ሰዎችን ማሰሩ አይመስለኝም። ሁለት ወንድማማቾች መንገድ ላይ ቆመው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዳይነጋገሩ ማድረጉ ነው።

ዳዊት «ምስክሩ እዚህ አለ» ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ። እውነት የምወድ ወጣት የነበርኩት ሰው፣ አሁን ሸበቶ ጸሐፊ፣ ብዙ ሰው በጽሑፌ ያስቀየምኩ፣ እዚያ ቆሜ ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«በመጀመሪያ ቁልፍ ነበር የምትነሳው» አልኩ።

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። ከዚያ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ታቦር ላይ መኪና ሳቆም ፊቷን ወደ ዳገቱ ነው የማደርገው፤ ምንም እንኳን ለመውረድ ስፈልግ ማዞሩ ቢያስቸግረኝም።